ከተቀናቃኝ ወገን ለመጡት እማማ፣ ለሁላችሁም

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ በእግሩ እየሄደ ነው። አንገቱ ላይ መደገፊያው እንዳለ ነው፤ ገና አይወልቅም። ግን ይሄዳል። ይበላል። ከእህቱ ጋር በሪሞት ይጣላል። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትለምናለች?

ልጄ ለትምህርት ቤቱ ራግቢ ሲጫወት አንገቱን የተጎዳበትን የዚያን ቅዳሜ ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም በስልካችሁ በቀጥታ እያያችሁ ነበር። ደግሜ አላወራውም፤ አቅሙም የለኝም። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ቤት ለቤት ዞሬ እንዳላመሰግን በጣም ብዙ ናችሁ።

ከማን እንደምጀምር ግን አውቃለሁ። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው ለምነውኛል። ስለዚህ እማማ ብቻ እላቸዋለሁ።

እማማ የሳሞአ ሰው ናቸው። ወደ እኛ የመጡት ከተቀናቃኙ ትምህርት ቤት ወገን ነው። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ።

እዚህ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ጂፒኤስ የሚባል የዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ማኅበር አለ። የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ በ1918 ነው። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ከዚያም የቆዩ ናቸው። ኢፕስዊች ግራመር የተከፈተው በ1863 ነው። ግሪጎሪ ቴራስ በ1875፣ ነጂ ኮሌጅ ደግሞ በ1891። ከዘጠኙ የመንግሥት የሆነው ብሪዝበን ስቴት ሃይ ብቻ ነው። በየዓመቱ ከሐምሌ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ራግቢ ይጋጠማሉ፤ በ15 ሰው የሚጫወቱት ራግቢ ዩኒየን ማለቴ ነው፤ ባለ 13ቱ ሊግ ሌላ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል። የፍጻሜ ጨዋታ የለም። አንድ ቅዳሜ ከተሸነፍክ በቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ይዘኸው ትኖራለህ። አያት፣ አባትና ልጅ ለአንድ ትምህርት ቤት የተጫወቱበት ቤት ብዙ ነው። ሽማግሌው ከሃምሳ ዓመት በፊት ስለተሸነፉበት ጨዋታ ትናንት እንደሆነ አድርገው ያወሩሃል።

የመጀመሪያው ቡድን ፈርስት ፊፍቲን ይባላል። ከጨዋታው በፊት ማሊያ የሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት አለ። ልጆቹ ያለቅሳሉ። በማግስቱ ትንንሾቹ ተማሪዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው መንገድ ይሠሩላቸዋል፤ በመሃል ሮጠው ወደ ሜዳ ይገባሉ። ከዚያ ተማሪው ሁሉ ቆሞ በአንድ ድምፅ የትምህርት ቤቱን የጦር ጩኸት ያሰማል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን በልጅነቴ ሰርግ ላይ የሰማሁት ፉከራ ነው ትዝ ያለኝ። ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። የአንዱ ደጋፊ በዚህ በኩል፣ የሌላው በዚያ በኩል ይቆማል። በዚያ ቀን ቀለሙን ለብሶ ወዲያ ማዶ የሚሻገር ሰው የለም።

እማማ ተሻገሩ።

በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ትልቅ ሴት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የዚያኛውን ትምህርት ቤት ስካርፍ አንገታቸው ላይ አድርገው ነበር። እኔን ሲያዩ ቶሎ ፈትተው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። እጄን ብቻ ያዙ። በኋላ ቀስ ብለው፣ «ያ ልጅ የእኔ የልጅ ልጅ ነው» አሉኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ አርፌ ነው የቀጠልኩት። ይቅርታ።

ልጄ 7 ቁጥር ነው የሚለብሰው። የመረጠው በዴቪድ ፖኮክ ምክንያት ነው። ፖኮክ ከቤተሰቡ ጋር ከዚምባብዌ ወደ ብሪዝበን መጥቶ ከዘጠኙ በአንዱ በቸርቺ የተማረ፣ የአውስትራሊያን ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ዋላቢስን በአምበልነት የመራ፣ በ2022 ደግሞ ሴናተር ሆኖ የተመረጠ ሰው ነው። ከአፍሪካ ለመጣ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። 7 ቁጥር ሥራው ኳስ የያዘው ተጫዋች መሬት ሲወድቅ ቀድሞ ደርሶ ጎንበስ ብሎ ኳሷን መንጠቅ ነው። ያኔ ደግሞ ከወዲያ ወገን የመጣው ገፍቶ ከኳሷ ላይ ያስለቅቀዋል። ደንቡ ይፈቅዳል። የእማማ የልጅ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልጄ አንገቱን የተጎዳው ያኔ ነው። የተሳሳተው ነገር የለም። ይህን ዛሬ በሁላችሁም ፊት እላለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰዎች ስለዚያ ልጅ የተናገሩት ነገር ደርሶኛል። እባካችሁ ተዉት።

እማማ በማግስቱም መጡ። በሳልስቱም። ሌላው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቀናል፤ እሳቸው ግን ሆስፒታሉን ቤታቸው አደረጉት። ትንሿን ልጄን ጠዋት ትምህርት ቤት አደረሷት። ልብሳችንን ወስደው አጥበው ተኩሰው መለሱ። ባለቤቴ ሥራውን እንዳያጣ ማታ ማታ በእሱ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ልጄ ሲነቃ የሚያየው ፊት የእኔን ወይም የእሳቸውን ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ምግብ ይዘው ሲመጡ ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳቸው። ምን ምን እንደማልበላ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። በነጋታው ጎደሬ ቀቅለው፣ ቅጠሉን ደግሞ በኮኮናት ወተት አብስለው መጡ። እኔ ያደግኩት ወላይታ ነው። ጎደሬ ለእኔ የእናቴ ቤት ነው። ብሪዝበን ሆስፒታል ውስጥ፣ ከፓሲፊክ ደሴት በመጡ ሴት እጅ ጎደሬ ስጎርስ ምን እንደሆንኩ መናገር አልችልም። አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ አልጣፈጣትም ብለው ደነገጡ።

እሑድ ከቤተክርስቲያን በኋላ የሳሞአ ሰዎች ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ትልቅ ምሳ አላቸው። በዚያ ሰሞን የእማማ ቤተሰብ ምሳውን ይዞ እየመጣ ሆስፒታሉ ግቢ ሣር ላይ በላ። ለእኔ የጾሙን ለብቻ ያስቀምጡልኝ ነበር። በቋንቋቸው ዘመሩ። ቃሉ ባይገባኝም አሜን አልኩ።

አንድ ቀን ልጁን ይዘውት መጡ። ትልቅ ልጅ ነው፤ በሩን ይሞላል። ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ልጄ ጣራውን እያየ እንደተኛ፣ «ንጹህ ጨዋታ ነበር። ኳሷን ግን እኔ ወስጄያት ነበር» አለው። ሌላው ልጅ «አልወሰድካትም» አለ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ልጄ አንገቱን እያመመው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀሩትን ጨዋታዎች በአንድ ስልክ አብረው አዩ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚበልጥ እስካሁን አልተስማሙም። እንዲስማሙም አልፈልግም።

እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ያገኛሉ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጅዎን ይባርክልዎ። እኔ እናቴን ቀብሬ ነው ከአገር የወጣሁት። ሌላ እናት አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ተጫዋቾች ሲጎዱ የምትረጂው የቡድናችን ፊዚዮ፣ አንቺንም አልረሳሁሽም። ሮጬ ልጄን ላቅፍ ስል «አትንኪው!» ብለሽ የጮህሽው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ እንዳዳነው ነገሩኝ። አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ ሣር ላይ ተንበርክከሽ ጭንቅላቱን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቆየሽ። ዝናብ እየዘነበብሽ። አሰልጣኞችና ዳኞች ስማርት ራግቢ የሚባል የደህንነት ሥልጠና እንደሚወስዱ ያወቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወላጆችም ብንወስደው እላለሁ። ቢያንስ የወደቀን ልጅ ማንሳት እንደሌለብን እንወቅ። ዳኛውንም አመሰግናለሁ፤ ጨዋታውን ወዲያው ነው ያቆመው።

ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፦ በዚያ ቀን ያ ሁሉ ፉከራ በአንዴ ጸጥ ሲል፣ ሁለቱም ቡድኖች ሜዳ ላይ ተንበርክከው አየኋችሁ። ማን የማን እንደሆነ አልለየሁም። የአምስተኛ ክፍል ልጆች የላካችሁት ካርድ ግድግዳውን ሞልቶታል። የሆስፒታሉን ፓርኪንግ የከፈላችሁልን የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከዚያኛው ትምህርት ቤት መሆናችሁን በኋላ ነው የሰማሁት። ፓርኪንግ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነበር።

ለሐኪሞችና ነርሶች፣ በተለይ የሌሊት ፈረቃ ለነበራችሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለሙሩካ ሰፈር ሐበሾች፦ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን ማን ማን እንደላከ ቆጥሬ አልጨርስም። የባለቤቴ የሥራ ጓደኞች ታክሲ ነጂዎች፣ ሜልበርን ፉትስክሬይ ያላችሁ ዘመዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ በጸሎት ያልተለያችሁን አባቶች፣ ሁላችሁም ክበሩልኝ። ገንዘብ ያዋጣችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በኩዊንስላንድ ለነዋሪ አምቡላንስ አያስከፍልም፤ ሆስፒታሉንም የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ሸፍኖታል። ያዋጣችሁት ባለቤቴ ከሥራ በቀረበት ጊዜ የቤት ኪራያችንን ከፍሎልናል። የተረፈውን ለማኅበሩ መልሰናል።

ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ። በዚያ ሰሞን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ የማላስታውስበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዶቻችሁን ደጋግሜ «መቼ መጣሽ?» ብዬ የጠየቅኩም ይመስለኛል። እግዚአብሔር ግን ያስታውሳችኋል።

አሁን አንድ ነገር ለዚያ ልጅ። ወደ ልምምድ አልመለስም ማለትህን አያትህ ነገሩኝ። ልጄ፣ ተመለስ። በመጪው ሐምሌ ያንን ማሊያ ልበስ። እኔ ከእማማ ጎን፣ ከእናንተ ወገን ሆኜ ነው የማይህ፤ ልጄም ያውቃል፣ ተቆጥቷልም። እሱ ገና ለረጅም ጊዜ አይጫወትም፤ አንተ ግን ምንም የያዘህ ነገር የለም። አንተ ስትጫወት ሳይ ነው እኔም ልቤ የሚያርፈው።

ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ኑ። ሁላችሁንም ነው የምጠራው፤ የሁለቱም ትምህርት ቤት ሰዎች። ዶሮ ወጥ አለ፤ ለማይበላ ደግሞ የጾም አለ። እማማ ጎደሬውን እኔ ነኝ የማመጣው ብለዋል። ልጆች የየትምህርት ቤታችሁን ስካርፍ አድርጋችሁ ኑ፤ ማውለቅ የለም። መኪና የሌላችሁ ለባለቤቴ ደውሉለት፤ መጥቶ ይወስዳችኋል።

አክባሪያችሁ
የ7 ቁጥሩ እናት፣ ብሪዝበን