ከመካነ ሰላም ለእህት ዓለሜ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አንዴ ስልኩ፣ አንዴ መንገዱ እየተዘጋ፣ ከዚያም ኑሮ በየፊናችን እየጎተተን ሳንጠያየቅ ይህን ያህል ቆየን። አንድም ቀን ግን ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም። ወቀሳውን በአካል ስንገናኝ እንጨርሰዋለን፤ ዛሬ የምነግርሽና የምለምንሽ ነገር አለኝ።

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ይዘን ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ደንቆሮ ጫካ ስንለው የኖርነው ማለት ነው። ስምምነታችን መምህራኑ ከኋላ እንድንከተል፣ ትምህርቱን የፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂው፣ እንዲሰጡ ነበር። ሰውየው በዚያው አካባቢ በግ ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጓሳው ሜዳ ላይ እንደደረስን ቆም አሉና መሬት ላይ አንድ ነገር አይተው ተንበረከኩ። የቀይ ቀበሮ እዳሪ ነበር፤ ደርቋል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እሳቸው በስንጥር ቀስ አድርገው ፈረካከሱት። ውስጡ የአይጥ ጸጉር፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ አጥንቶች፣ ሁለት ቢጫ የፊት ጥርሶች። «እስቲ ንገሩኝ፤ ይሄ የማን ቤት በግ ነው?» ሲሉ ሁሉም ሳቁ፤ አፍንጫቸውን የያዙትም ሳይቀሩ ተጠግተው ማየት ጀመሩ።

እህቴ፣ እኔ የምግብ ሰንሰለትን ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬአለሁ! በዚያች ቅጽበት የገባቸውን ያህል ገብቷቸው አያውቅም። ደግሞ ሰውየው አላጋነኑም። ከልጆቹ አንዱ «የእኛን ግልገል በልቶብናል» ሲል አልተከራከሩትም። «አልፎ አልፎ ያደርገዋል፤ ኑሮው ግን አይጥ ነው» ብለው መለሱለት። ልጁም ያመናቸው እውነቱን ስላልደበቁት ይመስለኛል።

ከዚያ «ቤቱ ውሻ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ። እጁን ያላወጣ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብድ ነበር። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ሁሉም እዚሁ አገራችን በጥቂት ተራሮች ላይ ተበታትነው እንደሚኖሩ፣ ከዋነኛ ጠላቶቻቸው አንዱም ከእረኛ ውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ አስረዷቸው። ቀበሮዎቹ በቡድን ስለሚኖሩና ሲገናኙ ስለሚላላሱ አንዱን የያዘ በሽታ መንጋውን ሊጨርሰው ይችላል። ባሌ ላይ ውሾችን ከመከተብ አልፈው ከ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ እየደበቁ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት እንደጀመሩም ነገሯቸው። ይህን ጊዜ አንዲት ከኋላ የቆመች የሰባተኛ ክፍል ልጅ «የእኛን ውሻ ማን ይከትብልናል?» ብላ ጠየቀች። ስካውቱ ወደ እኔ ተመለከቱ። መልሱ በእርግጥም የእኛ የትልልቆቹ ነበር። ከተመለስን በኋላ ከልጆቹ ጋር ሆነን በየቤቱ ያለውን ውሻ መዝግበን ዝርዝሩን ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አስረክበናል። ክትባቱ እስኪመጣ እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ፤ ያቺ ልጅም እኔን መጠየቋን አልተወችም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ከገደሉ አፋፍ ላይ አገኘናቸው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድሩና ጠዋት ሜዳው ላይ ወጥተው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። መንዝ ጓሳ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ያዩትንም ነገርኳቸው። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎች መሀል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት በአንዱ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ስካውቱ ይህን ሰምተው «እኛም አብረው ሲውሉ እናያለን» አሉ። ልጆቹ መጽሐፍና ሰው አንድ ቃል ሲናገሩ ሰሙ ማለት ነው።

ጅብራውን፣ ኮሶውን ሁሉ ብዘረዝርልሽ ወረቀቱ አይበቃም።

አሁን ወደ ልመናዬ። እንዲህ ያለው ትምህርት በዓመት አንድ ቀን የሽርሽር ያህል ታይቶ እንዲቀር አልፈልግም። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት በክፍል ውስጥ ጥያቄ አዘጋጅተው መሄድ አለባቸው፤ ሲመለሱም ያዩትን ለወላጆቻቸው ይንገሩ። ብዛታቸው የአንድ ሰው ድምፅ ለሁሉም የሚሰማበት ያህል ብቻ ይሁን፤ መቶ ልጅ ይዞ መውጣት አውሬውንም ልጁንም ማስደንገጥ ነው። ቡችሎች በሚያድጉባቸው ወራት ወደ ጉድጓዳቸው መጠጋት ፈጽሞ አይገባም፤ ስካውቱም አላስጠጉንም። ደግሞ ማስተማሩ ለእነዚህ ሰዎች እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው፤ በብርድና በዝናብ ቀኑን ሙሉ ጥበቃ ላይ ለሚውል ሰው «ልጆች መጡብህ» ብሎ ያለ አንዳች ክፍያ ሌላ ሸክም መጨመር ግፍ ነው። በየስብሰባው ይህን እናገራለሁ፤ አንቺም በበኩልሽ ተናገሪ።

ያንቺ ትምህርት ቤት ኮምቦልቻ ነው፤ እዚህ ድረስ ልጆች ማምጣት ለጊዜው ይከብድሽ ይሆናል። የየጎፍ ደን ግን ከራስጌሽ ነው! ቀይ ቀበሮ የለበትም ብለሽ እንዳትንቂው። ጽዱና ወይራው አለ፣ ወፉ አለ። ደኑን የሚጠብቁትን ሠራተኞች ሄደሽ አነጋግሪያቸው፤ አብረሻቸው አንድ ቀን በእግርሽ ዙሪና የትኛው ቦታ ምን እንደሚያስተምር ራሳቸው ይምረጡ። እኛ የተጠቀምንበትን የጥያቄ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለየጎፍ እንዲሆን ለውጪው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በጥር ዕረፍት ወደ ደሴ እወርዳለሁ፤ አንድ ቀን ጨምሬ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። እስከዚያ የጠባቂዎቹን መልስ ጻፊልኝ፤ ስንት ልጅ ልትይዢ እንዳሰብሽም አብረሽ ንገሪኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት