የሐሙስ ከሰዓቷ ሮም

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? የጣልያን ቪዛሽ ወጣ ከተባለ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም መካሪ ሆኗል። አክስቶችሽ «ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ ድረስ ምን ፍለጋ ነው?» እያሉ ነው። እኔ ግን ብቻሽን መሄድሽ ደስ ብሎኛል። በደርግ ጊዜ እዚያ አገር ሰው ቤት ስሠራ እረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር። የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚወጣው በእነዚያ ቀናት ነው። ሮምን ያወቅኳት በእነዚያ ሐሙሶች፣ በእግሬ፣ ማንም ሳይመራኝ ነው፤ ስለዚህ ከአስጎብኚ የማትሰሚውን ልንገርሽ።

የላክሽልኝን ፕላን አየሁት። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ናፖሊ፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ! ባቡር ላይ ነው የምታልቂው። ሁለት ወይ ሦስት ከተማ ይበቃሻል። በየከተማው አንድ ሰፈር ያዢና ጠዋት ጠዋት እዚያው አንድ ባር ግቢ። ባር ስልሽ መጠጥ ቤት እንዳይመስልሽ፣ ቡናውም ቁርሱም እዚያ ነው። ትንሽ ቀን ከተመላለስሽ ሳታዢ ያቀርቡልሻል። ማታ ስትመለሺ የሚከተልሽ ቢኖር ዘው ብለሽ የምትገቢበት በር አለሽ ማለት ነው። ደግሞ ጎብኚ የማይደርስበትን ቦታ የሚጠቁሙሽ እነሱ ናቸው፤ እኔም ብዙውን ያወቅሁት ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ከሚያወሩ አሮጊቶች ነው።

ቡናሽን ቆመሽ ጠጪ። ቆመሽ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጥሽ ዋጋው ይጨምራል፤ ታዋቂ አደባባይ ላይ ከሆነማ ኪስሽን ያራቁቱታል። ማኪያቶ ካልሽ የአዲስ አበባውን አትጠብቂ፣ ወተት ጠብ ያለበት አንድ ጉንጭ ቡና ነው የሚመጣልሽ። የኛን ማኪያቶ የሚመስለው ካፑቺኖ ነው። እሱን ከምሳ በኋላ ስታዢ ገልመጥ ያደርጉሻል፣ ያድርጉ። ጾም ላይ ከሆንሽ ፒዛ ማሪናራ በይ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው እንጂ አይብ የለውም። ደረቁ ፓስታም አያስቸግርሽም፣ እንደ ቦሎኛ ባሉ ከተሞች በእጅ የሚሠሩት ትኩሱ ግን እንቁላል አለበት። ሒሳብ ላይ «ኮፐርቶ» የሚል ነገር ካየሽ አትጨቃጨቂ፣ የገበታ ክፍያ ነው።

ሮም ኮሎሲየምን እይው፣ ማየትሽ አይቀርም። ከዚያ ግን ጥቂት ደቂቃ በእግርሽ ሄደሽ ሳን ክሌሜንቴ ግቢ። ላይ የምታዪው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው። ደረጃውን ስትወርጂ ከሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያም ሥር ሮማውያን ሚትራ የሚባለውን አምላክ ያመልኩበት የነበረ ክፍል አለ፤ እዚያ ታች ሆነሽ ከመሬት ውስጥ የሚፈስ ውኃ ይሰማሻል። ነጠላሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ፣ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ ብዙ ቤተ ክርስቲያን አያስገባም። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ኦስትየንሴ ሰፈር ሂጂ። ሞንቴማርቲኒ የሚባል የድሮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ግዙፎቹ ሞተሮች እንዳሉ ሆነው በመካከላቸው የጥንት የእብነ በረድ ሐውልቶች ቆመዋል።

የኛም ነገር አለ፣ አንዳንዱ ያማል። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው፤ መታሰቢያቸው እዚያው ቅርብ አለ። በእኔ ጊዜ የአክሱም ሐውልት ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ከተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ቆሞ ነበር። ሐሙስ ሲሆን እግሬ ወደዚያ ይወስደኝ ነበር። በ1937 ወስደውት በ2005 ነው የመለሱት። ዛሬ ብትሄጂ የሚታይ ብዙ ነገር የለም፣ መኪና ነው የሚያልፈው፤ እኔ ግን ሄደሽ ብትቆሚበት ደስ ይለኛል። ከጣልያን ጋር የምንተዋወቀው በጦርነት ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ ቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ስትወጪ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልቱ ተመልከቺ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ እዚያ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኛ መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። እዚያ ከኖሩት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ውስጥ አሳትመዋል። እኔ ያን ሁሉ ሐሙስ ስዞር ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ፍሎረንስ ከሄድሽ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ አርቴሚዝያ ጀንቲሌስኪ የሳለቻትን፣ የሆሎፎርኒስን አንገት የምትቆርጠውን የመጽሐፍ ቅዱሷን ዮዲት እያት፤ እንዲህ እጅጌዋን ሰብስባ የምትሠራ ዮዲት ሌላ ቦታ አላየሁም። ከዚያ የሳንታ ማሪያ ኖቬላን ሙዚየም እንዳትዘይው። ፕላውቲላ ኔሊ የምትባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሲት የሳለችው የመጨረሻው እራት አለ፣ ሰባት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ዓይን ርቆ ቆይቶ ከታደሰ በኋላ ለእይታ የበቃው በ2019 ነው። ጥግ ላይ ስሟን ጽፋ «ለሠዓሊዋ ጸልዩ» ብላለች። አንቺም ጸልዪላት።

ከቬኒስ ይልቅ ወደ ደቡብ ውረጂ ብዬ እለምንሻለሁ። ማቴራ የምትባል ከተማ ሂጂ። ከባሪ ከተማ በትንሽ ባቡር ይኬዳል። ከዓለት የተፈለፈሉ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ላሊበላን ላየ ሰው ግርምቱ ሌላ ነው። ሕዝቡ ከከብቱ ጋር ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር፣ በ1952 በወጣ ሕግ 15,000 ገደማ ሰው ወደ አዲስ ቤት ተዛወረ። ያኔ የአገር ማፈሪያ ይሉት የነበረው ቦታ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 የአውሮፓ የባህል ከተማ ሆነ። ዛሬ በእነዚያ ዋሻዎች ውስጥ ሆቴል ከፍተው ውድ ዋጋ ያስከፍላሉ። ጊዜ!

አሁን የማትወጂውን ልበል። ለከፋ አለ። «ቤላ፣ ቤላ» (ቆንጆ፣ ቆንጆ) እያለ የሚከተል አይጠፋም፤ አትመልሺለት፣ ፈገግም አትበይለት። ቆዳሽን አይቶ የሰው ቤት ሠራተኛ የሚያደርግሽም ይኖራል፣ ከዚያ የባሰ የሚያስብም አለ። የሰው ቤት መሥራት ነውር አይደለም፣ እናትሽ ሠርታበታለች፤ የሚያስነውረው እንደዚያ ብሎ የሚንቅሽ ሰው ነው። የፓስፖርትሽን ኮፒ ያዢ፣ ዋናውን በደንብ አስቀምጪው። ቲኬት ማሽን አጠገብ «ልርዳሽ» የሚልሽን አመስግነሽ እለፊ። በየትንንሹ ከተማ እየቆመ የሚሄደው ባቡር ቲኬት የወረቀት ከሆነ ሳትሳፈሪ ጣቢያው ማሽን ላይ አስመቺው፣ ካልሆነ ቅጣት አለ። ችግር ከመጣ 112 ነው። 1522 ደግሞ ጥቃት ለደረሰባት ወይም ሰው እየተከታተለ ላስቸገራት ሴት የቆመ ነፃ መስመር ነው። ሁለቱንም ስልክሽ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፊያቸው፣ ስልክ ይሰረቃል።

ገንዘብ ሲያጥርሽ ቶሎ ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ። ሲም ካርዱን እንዳወጣሽ ደግሞ መጀመሪያ የምትደውዪው ለእኔ ነው፤ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት!

እናትሽ