የምርጫ ትዝብት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ቆጠራው እስኪያበቃ መቆየት

የምርጫ ትዝብት ክበባችን ሦስተኛ ዓመቱን በ31 አባላት አጠናቋል። ዓመቱ ሲጀመር አንዳንድ ባልደረቦቼ ክበቡ ተማሪዎችን ወደ ፖለቲካ ይስባል የሚል ስጋት በመምህራን ስብሰባ ላይ አንስተው ስለነበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለዚህ መልስ መስጠት ይገባኛል። ክበባችን ማንንም ዕጩ አይደግፍም፣ ማንንም አይቃወምም። የምንመራበት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኒው ዮርክ ይፋ በሆነው የዓለም አቀፍ ምርጫ ትዝብት መርሆዎች መግለጫና ከእርሱ ጋር በወጣው የታዛቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ሲሆን፣ ደንቡም ታዛቢ ገለልተኛ እንዲሆን፣ የተጋበዘበትን አገር ሕግ እንዲያከብር፣ የምርጫውን ሂደት እንዳያደናቅፍና ድምዳሜውን በማስረጃ ላይ እንዲመሠርት ያስገድዳል። ይህን የለመደ ተማሪ የሚወደው ዕጩ ሲሸነፍ እንኳ ያየውን እንዳየው መጻፍ ይችላል። እኔ ከዚህ የተሻለ የዜግነት ትምህርት አላውቅም።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ሳይቋረጡ ተካሂደዋል፤ አባላቱ የትዝብት ቅጽ መሙላትን፣ የመራጮች መዝገብ ማመሳከርንና የቆጠራ ቃለ ጉባኤ ማንበብን ተለማምደዋል።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ዋናው ሥራችን ከሁለት አጎራባች ትምህርት ቤቶች ጋር ለተማሪ ምክር ቤት ምርጫ የሚያገለግል የጋራ መመዘኛ ማዘጋጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ጸድቆ በ2012 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር፣ ቻርተሩን የተቀበለ አገር ምርጫ ሲያካሂድ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን አሳውቆ ታዛቢ እንዲልክ እንዲጋብዝ በአንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ የመጋባበዝን ሐሳብ የወሰዱት ከዚህ ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ኢኮዋስ በ2001 ባወጣው ፕሮቶኮል ደግሞ፣ ከምርጫ በፊት ባሉት 6 ወራት የአብዛኞቹ የፖለቲካ ተዋናዮች ስምምነት ከሌለ በምርጫ ሕግ ላይ መሠረታዊ ለውጥ ማድረግ አይቻልም። ልጆቹ ይህንን ወደ 4 ሳምንት አሳጥረው አንቀጽ አደረጉት። ከሁሉ ያስቸገረን የድምፅ ምስጢራዊነት አንቀጽ ነበር፤ አንደኛው ትምህርት ቤት «በተቻለ መጠን» የሚል ሐረግ እንዲገባበት ጠየቀ። ተማሪዎቻችን ግን ምስጢራዊ ድምፅ በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 25 የተረጋገጠ መብት መሆኑን ጠቅሰው ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከሩ፤ ሐረጉም ወጣ። በመንግሥታት መካከል የሚፈረሙ ስምምነቶች እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቃላት እንደሚጠነክሩና እንደሚላሉ በቃል ካስተማርኩት ይልቅ በዚያ ክርክር ተረድተውታል።

ይሁን እንጂ መመዘኛውን ከፈረሙት አንዱ ትምህርት ቤት ምርጫው ሲደርስ አልጋበዘንም። ያለ ግብዣ ታዛቢ መሆን ስለማይቻል አልሄድንም።

ወደ ሁለተኛው ትምህርት ቤት 9 ታዛቢዎች ልከናል፤ በዚያ ቀን የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ። ድምፅ አሰጣጡ በሥርዓት ተከናውኖ ቆጠራው ሲጀመር፣ በአንደኛው ክፍል ከኮሮጆ የወጡት ወረቀቶች ከፈረሙት መራጮች በ12 በልጠው ተገኙ። የዕጩ ወኪሎች ተነሥተው መጮኽ ጀመሩ። ከእኛም ታዛቢዎች አንዱ ወዲያው ወጥቶ «ተጭበርብሯል» ሊል ሲነሣ፣ በክፍሉ የተመደበችው የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን፣ በስብሰባዎቻችን ላይ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማው ልጅ፣ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችው። ሰዓቱን፣ ሁለቱን ቁጥሮችና በክፍሉ የነበሩትን ሰዎች መዘገበች፤ ከዚያም የጣቢያውን ኃላፊ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይሰፍር እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ኃላፊው ቆጠራውን ሲያስደግም ከቆየ በኋላ፣ 12 ፊርማ ያለበት የመዝገብ ገጽ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ተገኘ። እርሷም በቅጿ ላይ «ልዩነት ታይቷል፤ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ሰፍረዋል» ብላ ጽፋ ፈረመች። ቅጹን ስቀበላት ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልደብቅም።

ይህን ያህል የነካኝ በክበቡ ደጋግመን ያጠናነው የኬንያ ምርጫ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2017 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች የድምፅ አሰጣጡን ቀን በአመዛኙ አመስግነው የመጀመሪያ መግለጫ ሰጡ፤ የውጤት ማጠናቀሩ ግን ገና አላበቃም ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በተለይ በውጤት አስተላለፉ ላይ የታዩ ግድፈቶችን ጠቅሶ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሻረ። መግለጫዎቹ ችግሮችንም ጠቁመው ነበር፤ በሕዝብ ጆሮ የቀረው ግን ምስጋናው ነው። ለማመስገን መቸኮልና ለመክሰስ መቸኮል ከአንድ ድክመት እንደሚመነጩ ያቺ ልጅ አሳየችን፤ ድክመቱም ቆጠራው እስኪያበቃ አለመቆየት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አቅም መናገር ግዴታዬ ነው። በዚያ ምሽት እስከ መጨረሻው የቆየነው የተዋስነው መኪና ሾፌር በፈቃደኝነት ስለጠበቀን ብቻ ነው። ትልልቅ የታዛቢ ልዑካን የመራጮች ምዝገባንና ቅስቀሳን የሚከታተሉ የረጅም ጊዜ ታዛቢዎችን ከምርጫው ሳምንታት አስቀድመው ያሰማራሉ፤ እኛ ግን በዓመት የተፈቀደልን አንድ ጉዞ ነው። የስፖርት ክበባት ለግጥሚያ የሚያገኙትን መጓጓዣ አልቀናበትም፤ ነገር ግን ለእኛም በዓመት ሦስት ጉዞ ይፈቀድልን።

በመጨረሻም፣ እኛም በተራችን የጋበዝናቸው የጎረቤት ታዛቢዎች በራሳችን ምርጫ ላይ 5 ምክረ ሐሳብ ትተውልን ሄደዋል። አራቱን በክበቡ አቅም ፈጽመናል። አምስተኛው፣ ድምፅ መስጫው ጠረጴዛ ከኮሪደሩ መስኮት በግልጽ ስለሚታይ መከለያ ይደረግለት የሚለው፣ እስካሁን አልተፈጸመም፤ ለአስተዳደሩ የጻፍነው ደብዳቤም መልስ እየጠበቀ ነው። ቀጣዩ የምክር ቤት ምርጫ ትምህርት በተከፈተ በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ እነዚያው ታዛቢዎችም ተመልሰው እንዲመጡ የግብዣ ደብዳቤው ወጥቷል።