ጉዳዩ፦ በልጆች ቦርሳ ውስጥ ስለሚገኝ መድኃኒት

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተና በሰላም ተጠናቋል፤ የውጤት ካርድ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይሰጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱም እድሳቱ አልቆ ተከፍቷል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰኞ በእረፍት ሰዓት አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳው የጎን ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ትናንሽ ክኒኖች አውጥቶ ለሁለት ጓደኞቹ ሲያካፍል መምህርቷ ደረሰችባቸው። ክኒኖቹ የአዋቂ ሰው የስኳር መድኃኒት ነበሩ። ስማቸው የተጻፈበት ማሸጊያ ስላልነበረ ምን እንደሆኑ ያወቅነው ብዙ ቦታ ከደወልን በኋላ ነው። ቦርሳው ቅዳሜና እሁድ ለቤተሰብ ጉዞ ውሎ ኖሯል፤ መድኃኒቱ እዚያው ተረሳ፤ ሰኞ ጠዋት ደብተር ተጨምሮበት ወደ ትምህርት ቤት መጣ። ማንም ክፉ አላሰበም። አንድ ኪስ ሳይታይ ቀረ፣ በቃ።

ልጆቹ ይዋጡት አይዋጡት ማረጋገጥ አልቻልንም። «አልዋጥኩም» ያለው ልጅ ትንሽ ቆይቶ «አንድ ዋጥኩ» ይላል፤ የፈራ ልጅ እንዲህ ነው። ግሊቤንክላማይድን የመሰለ የስኳር ክኒን ቆሽት የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል። የስኳር ሕመም የሌለበት ትንሽ ልጅ አንድ ፍሬ እንኳ ቢውጥ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ለሕይወት በሚያሰጋ መጠን ሊወርድ ይችላል። ያውም ወዲያው ላይሆን ይችላል። ልጁ ሲጫወት ውሎ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ሦስቱም ሆስፒታል ገብተው ሌሊቱን ሙሉ ጣታቸው እየተወጋ ስኳራቸው ሲለካ አደረ። ፈጣሪ አትርፎናል፤ ሦስቱም በማግስቱ በደህና ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

በዚያው ሰዓት ሌላ ነገርም ገጠመን። የአንደኛው ልጅ ወላጅ በመዝገባችን ያስመዘገቡት ስልክ አይሠራም። ቁጥር ቀይረው አልነገሩንም። ሐኪሙ «የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ለማግኘት፣ በዚያው ሰፈር የሚኖር የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል አስጠርተን፣ የእናቱን ስልክ ተቀብለን፣ በእሳቸው በኩል ነው ቤተሰቡን ያገኘነው።

«ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለምን ይጻፍልናል?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እንገምታለን። ክቡራን ወላጆች፣ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ቦርሳቸውን በመምህራን ፊት እንዲያራግፉ አድርገን ነበር። ግማሹ ያለቀ የፓራሲታሞል ፍሬ፣ አስፒሪን፣ ከቀድሞ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ፣ በትንሽ የውኃ ጠርሙስ የተገለበጠ ስሙ የማይታወቅ ሽሮፕ አገኘን። ከእነዚህ ውስጥ ለነርሳችን የተነገረ አንድም አልነበረም።

«ፓራሲታሞል ማንም የሚወስደው ነው፤ ምን ያስጮሃል?» ትሉን ይሆናል። ለልጅ የሚሰጠው በኪሎው ተሰልቶ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሽሮፑ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ፤ በአንዱ ልክ የሆነው ማንኪያ በሌላው እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጠዋት ቤት ሰጥታችሁ፣ ልጁ ረፋድ ላይ ከቦርሳው ራሱ ወስዶ፣ ነርሷም ይህን ሳታውቅ ቀትር ላይ ብትጨምርስ? ከልክ በላይ የወሰደ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት የሚወጣው ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ግን ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ሲሰጥ ነው። ነርሷ «ጠዋት ምን ወሰደ?» ብላ ስትደውል የምትቆጡ ወላጆች ይህን አስቡልን።

አስፒሪንማ ለልጅ ትኩሳት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጨርሶ አይሰጥም። አእምሮንና ጉበትን ከሚጎዳ፣ ብዙ ከማያጋጥም ግን ገዳይ ከሆነ ሕመም ጋር ስለሚያያዝ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አድርጋ፣ በ2002 ዕድሜውን ወደ 16 ከፍ አድርጋዋለች። የተረፈው አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ አሞክሲሲሊን ቢበዛ ከ14 ቀን በኋላ ይደፋል እንጂ ለሚቀጥለው ጉንፋን አይቀመጥም።

«ልጄ አስተዋይ ነው፣ የማያውቀውን አይነካም» የሚል መልስም ከዚህ በፊት ሰምተናል። ሰኞ ዕለት ክኒኑን የተቀበሉት ልጆችም አስተዋዮች ናቸው። የተቀበሉት ከሚወዱት ጓደኛቸው ስለሆነ ነው።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለምን አይፈትሽም?» ለሚለውም መልስ አለን። ከአሁን በኋላ አልፎ አልፎ እንፈትሻለን። ነገር ግን ቦርሳው የሚሞላው እናንተ ቤት ነው። እዚህ የሚገኘው ነገር ቀድሞ እዚያ የነበረ ነው። ሥራ እንደሚበዛባችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሩጫ እንደሆነ እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን ራሳችን ወላጆች ነን። ጠዋት አድርጉት አላልንም። ማታ የቤት ሥራ ስታዩ ቦርሳውን አንድ ጊዜ ገልብጡት፤ የጎን ኪሱንም ጭምር።

ስለሆነም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛውም መድኃኒት በልጅ እጅ አይላክም። ወላጅ ወይም ወላጅ የወከለው አዋቂ ለነርሷ በእጁ ያስረክባል፤ መድኃኒቱ በራሱ ማሸጊያ ሆኖ፣ የልጁ ስም፣ መጠኑና መጨረሻ የተወሰደበት ሰዓት ተጽፎበት። የአስም ሕመም ያለባቸው ልጆች ኢንሄለራቸውን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) ከእነሱ መለየት አደጋ ስለሆነ ይይዛሉ፤ ወላጅ ግን በጽሑፍ ያሳውቀን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘው ቅጽ ስለ ልጃችሁ ሕመም፣ ስለማይስማማው መድኃኒትና ስለ ሁለት የሚሠሩ ስልኮች ይጠይቃል። እስከ ዓርብ ሞልታችሁ መልሱልን። «አምና ሞልቼ ነበር» አትበሉን፤ ሰኞ ዕለት ያጣነው ስልክም አምና የተሞላ ነበር። ቅጹ እስኪመለስ ድረስ ነርሷ ለልጁ ምንም ዓይነት መድኃኒት አትሰጥም። ትኩሳት ከያዘው መጥታችሁ እንድትወስዱት በመዝገባችን ባለው ቁጥር እንደውላለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር