ለጋሼ፣ ካርድ በተሰጠ ማግስት

ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ፣ ዓይንዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። 1ኛው ሴሚስተር ተዘግቶ ትናንት ካርድ ሰጥተን ጨረስን። ሮስተሩም ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ሪከርድ ክፍል ገባ። በስልክ ስደውልልዎ "ደህና ነኝ፣ አንቺ ልጆችሽን ያዢ" ብለው ስለሚዘጉብኝ ዛሬ በወረቀት መጣሁ።

የትምህርት ቤቱን ወሬ ላስቀድም። በእኛ አገር ትምህርት መስከረም ተከፈተ ይባላል እንጂ ወንበሩ የሚሞላው መስቀል ሲያልፍ መሆኑን እርስዎ ያውቁታል። ዘንድሮም ያው ነው። በእኔ 9ኛ ክፍል 61 ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ ለማጠቃለያ ፈተና የተቀመጡት 54 ናቸው። ከሰባቱ አራቱ ለመስቀል ከመጡ ወንድሞቻቸው ጋር አዲስ አበባ ሱቅ ገቡ። አንዱ ተዛወረ። ሁለቱ ሴቶች የእንሰት ፍቅፈቃ ሲጀመር እናቶቻቸውን ሊያግዙ እንደወጡ ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ የማቋረጫ ቅጽ አስሞልቻቸዋለሁ። ዝም ብሎ የጠፋ ልጅ በሚቀጥለው መስከረም "ልመለስ" ሲል ፋይሉ ነው የሚያስቸግረው፤ በቅጽ የወጣ ግን ቢያንስ የሚያሳየው ወረቀት አለው።

የእነዚህን የሰባት ልጆች ስም ከዝርዝሩ አልሰረዝኩም። በቀይ መስመር አልፌባቸው ተራ ቁጥራቸውን እስከ ሰኔ ተውኩላቸው። የማን ሕግ እንደሆነ ለቀድሞው መምህር አልነግርዎትም። የባዮሎጂው መምህር ግን ያቋረጡትን ከራሱ ማርክ ሊስት አጥፍቶ፣ የቀሩትን ወደ ላይ አጠጋግቶ አመጣልኝ። እኔም አምዱን እንዳለ ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ያቋረጠ ልጅ 17ኛ ተራ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ማርክ ይዞ ቁጭ አለ። የተገኘውም በባዮሎጂ ከ90 በታች አምጥታ የማታውቅ ልጅ 43 ስታመጣ ነው። እሷ ጎበዝ ባትሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር? መካከለኛ ልጅ 60 የነበረው 55 ቢሆንበት ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አሁን ማርክ ሊስት የምቀበለው የተማሪው መለያ ቁጥር ካለበት ብቻ ነው፤ የምገለብጠውም ቁጥሩን ከቁጥሩ እያመሳከርኩ ነው።

ጋሼ፣ የማታውን የዓይን ጠብታ አድርገዋል? ካላደረጉ ደብዳቤውን አቁመው ያድርጉ፣ ከዚያ ይቀጥላል።

ሮስተሩን አሁን በእጅ አንሞላም፣ በኤክሴል ነው። ድምሩንም ደረጃውንም ራሱ ያወጣል፤ እርስዎ ሁለት ሌሊት ያድሩበት የነበረውን ሥራ በደቂቃ ይጨርሳል። ስህተቱ ግን አይጮህም። ከሦስተኛ ወርዶ የማያውቅ ልጅ 31ኛ ወጣ። ማርኮቹን አንድ በአንድ ባያቸው ምንም የላቸውም። በመጨረሻ የታየኝ የኬሚስትሪው 80 ነው፤ ከስምንቷ ቀጥሎ ዜሮ ሳይሆን "ኦ" የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የተጻፈው። ማሽኑ ያንን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው 80ውን ሙሉ በሙሉ ከድምር ተወው፤ ስህተት አለ ብሎም አላስጠነቀቀም። ዘዴው ቀላል ነው። ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። በየአምዱ የግራ ጠርዝ ላይ ዓይንን ወደ ታች ማንሸራተት ይበቃል። ለውበት ብለው ሁሉንም መሃል ላይ የሚያሰልፉ መምህራን ግን ይህን ምልክት ያጠፉታል፤ ለዚህ ነው በእኔ ሮስተር መሃል ማሰለፍ የከለከልኩት። የእርስዎን የአግድምና የቁም ድምርም አልተውኩም። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ካርድ አይጻፍም።

በክፍሌ አንደኛ የወጣችው ልጅ በ12 ትምህርት ድምሯ 1043.5 ነው፤ ሁለተኛዋ 1043። አማካያቸው 86.96 እና 86.92። አንደኛዋ ጠዋት ጠዋት የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣለች፤ ሁለተኛዋ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ እሑድ እሑድ ቆጮ ከቤቷ ተሸክማ የምትመጣ ናት። አማካዩን ወደ ሙሉ ቁጥር ብናጠጋው ሁለቱም 87 ናቸውና "እኩል አንደኛ ይባሉ" ያሉ መምህራን ነበሩ። ደረጃ ከድምር እንጂ ከተጠጋጋ አማካይ አይወጣም ብዬ አልተቀበልኩም። ከዚያ የሒሳቡ መምህር ግማሿን እንኳ ለምን አንሞላትም አለ፤ 90.5ን 91 እናድርገው ማለቱ ነው። በየትምህርቱ ግማሽ ከሞላን በ12ቱም ግማሽ የገጠመው ልጅ ሳይሠራ ስድስት ነጥብ ያገኛል፣ ሙሉ ቁጥር ያመጣው ግን ምንም። በስድስት ነጥብ ደግሞ በእኛ ክፍል አራት ደረጃ ይዘለላል። ተሰብስበን የወሰንነው፣ ግማሿ እስከ ድምሩ ድረስ እንዳለች ትሄዳለች፣ የሚጠጋጋው መጨረሻ ላይ አማካዩ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ሁለት አሥርዮሽ።

ይህን ሲሰሙ የ1990ው ትዝ እንዳለዎት አውቃለሁ። እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ ስናገር ድምፄ ከልክ በላይ የወጣው በእሱ ምክንያት ነው። እርስዎ ሲያስተምሩኝ፣ 8ኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ 79.5። ለሌሎቹ ልጆች ሁሉ ግማሹን ወደ ላይ ሞሉላቸው፣ የእኔን ወደ ታች አድርገው 79 ጻፉ። 80 ቢሆን ኖሮ እኩል አንደኛ ነበርን። "ለልጁ አዳላ እንዳይሉኝ ነው" ብለው ለእማዬ ማጀት ውስጥ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ሐሜት እንደሚያስፈራ አሁን ራሴ አስተማሪ ስሆን ገብቶኛል። ግን ጋሼ፣ ሕጉ ለሁሉ ወደ ላይ ከሆነ ለእኔም ወደ ላይ መሆን ነበረበት። 28 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳሁትም፤ እርስዎም አላነሱትም። ደብዳቤውን በሚያነብልዎ በማሙሽ አንደበት እንዲሰሙት በማድረጌ ይቅር ይበሉኝ።

ወደ ደስ የሚለው ልለፍ። የ10ኛ ክፍል ልጆች በኬሚስትሪ አሲድና ቤዝ የሚለየው ሊትመስ ወረቀት ስለሌለን በከርከዴ ሠርተዋል። አንድ እፍኝ ደረቅ ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ውኃ አሥር ደቂቃ አፍልተው፣ አጥልለው፣ ወረቀት ነክረው ጥላ ውስጥ አደረቁት። መጀመሪያ የደብተር ወረቀት ነበር የነከሩት። ገና ሲደርቅ ቀዩ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊ አደላባቸው፤ ምንም ሳይነካው ማለት ነው። ከቡድኑ አንዷ፣ የማትናገር የምትባል ልጅ፣ ጥፋቱ ወረቀቱ ውስጥ ነው ብላ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ደገመችው። ልክ ነበረች፤ የደብተር ወረቀት ነጭ እንዲሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባበታል፣ እሱ ደግሞ ቤዝ ነው። ጨርቁ በሎሚ ደማቅ ቀይ ሆነ፣ በአመድ ውኃ ወደ አረንጓዴ ዞረ። የማሳቸውን አፈር በውኃ በጥብጠው ሲሞክሩት ግን አልታየም፤ የአፈር አሲድ ደካማ ነው፣ የጭቃውም ቀለም ይሸፍነዋል። ይህንንም በሪፖርታቸው ላይ እንዳለ ስለጻፉ ሙሉ ማርክ አግኝተዋል። ያልሠራውን ሠራ ብለው ቢጽፉ ኖሮ አይሰጣቸውም ነበር።

የ12ኛዎቹ ነገር ያስጨንቀኛል። አገር አቀፉ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በየዓመቱ 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ አምና ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት በ2015 አንድም አላለፈም፤ አምና ሦስት አለፉ። ዘንድሮ በሰጠነው ሞዴል ከ600 ውስጥ 300ን የተሻገሩ ዘጠኝ ናቸው፤ እኔ ግን አላምነውም፣ ጥያቄዎቹ ከዚህ በፊት ያዩዋቸው ነበሩና። የሚጥላቸው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው። ከእውቀት ውጭ ደግሞ የመልስ ወረቀቱ ይጥላቸዋል። 23ኛውን ጥያቄ ዘልሎ የ24ኛውን መልስ 23 ላይ ያጠቆረ ልጅ እስከ መጨረሻው በአንድ መስመር ተንሸራትቶ ይሄዳል፤ ያው የባዮሎጂው ማርክ ሊስት በሽታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማጠናከሪያው ትምህርት መጨረሻ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ይህንኑ እናለማምዳቸዋለን። ማስመሪያ ከመስመሩ በታች ማድረግ፣ በየአሥሩ ጥያቄ ቆሞ ቁጥር ማመሳከር፣ የተሳሳተውን አጥርቶ ማጥፋት። በደንብ ያልጠፋ እርሳስ ለማሽኑ ሁለት መልስ ነው።

ትንሿ ልጄ ከ4ኛ ክፍል 6ኛ ወጣች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ታላቅየው ቁመቱ በልጦኛል፣ ጫማ 42 ገዝቼለታለሁ። እና ሌላም ሌላም።

ጋሼ፣ እየዞርኩበት ነው እንጂ ልጽፍ የተነሳሁት ይህን ነበር። ማሙሽ፣ ይህን አትዝለል፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው።

ለጎረቤት ሁሉ "ሞራ ነው፣ ተገፎ ይለቀኛል" እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ሞራ አይደለም። ግላኮማ ነው። ዓይንዎን ያየው ሐኪም ያን ቀን በር ላይ አስቀርቶ የነገረኝን ሁሉ አልነገርኩዎትም፤ እንደ ልጅ ፈርቼ ዝም አልኩ። የዓይንዎ ግፊት 34 ነበር፤ ደህና የሚባለው ከ10 እስከ 21 ነው። ግፊቱ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድለዋል። የሚጀምረው ከዳር ስለሆነ ሰው ፊት ለፊት እያየ "ይታየኛል" ይላል፤ በግራዎ የበሩን መቃን የሚመቱት፣ ከጎን የመጣ ሞተር የሚያስደነግጥዎ ለዚህ ነው። የሄደው ብርሃን በቀዶ ሕክምናም በመነጽርም አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ "ስላልተሻለኝ ተውኩት" ማለት ልክ አይደለም፤ እሱ የሚያሻሽል መድኃኒት አይደለም፣ የዓይንዎ መጎዳት ስለማይሰማዎትም ነው የሚያሳስበኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት አንድ ጠብታ፣ ማታ 12 ሰዓት አንድ ጠብታ፣ በሁለቱም ዓይን። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ፣ የጠርሙሱ አፍ ዓይን ሳይነካ። ሁለት ጠብታ ትርፍ የለውም፣ ጉንጭ ላይ ይፈሳል። ከዚያ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ መጫን፤ ካልተጫነ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም ይወርዳል። ቲሞሎል የሚባለው ይህ ጠብታ አስም ላለበትና ልቡ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው አይመችም። ሌሊት ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ራስዎን ካዞረዎት አይደብቁኝ፣ ሌላ ዓይነት አለ። ጠርሙሱ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ቢተርፍም ይጣላል። ከገና በፊት የከፈቱትን እስካሁን እየቆጠቡ እንደሆነ ነግረውኛል። አይቆጥቡ። የእኔን ደመወዝ አይቁጠሩልኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሰኞ የካቲት 2 ቡታጅራ ግራርበት ሆስፒታል እንሄዳለን። የመጀመሪያውን መኪና ለመያዝ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር መሆን አለብን። ግፊቱን ይለኩልዎታል፣ ጠብታው ካልበቃ ሌላ ይጨምራሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ይላሉ፤ እሱም የቀረውን ለማቆየት ነው። የቀድሞውን የሕክምና ካርድዎን፣ የሚወስዱትን የደም ግፊት ኪኒን ከነማሸጊያው ይያዙ። ጠዋቱን ጠብታ ለምርመራው ብለው እንዳይተዉት።

የ1990ውን ሮስተር ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት አውቃለሁ። ላየው እፈልጋለሁ፤ ይቆየኝ።

ማሙሽ፣ ጠርሙሱን አምጣና በእስክሪብቶ የተከፈተበትን ቀን ጻፍበት። ቀኑን ካላስታወሱት፣ ጣለውና ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን አዲሱን ክፈት።

ልጅዎ