እማዬ፣ አንቺ ጓዳ ሳለሽ የሆነው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ አሁንም «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ታደርቀኛለች።

በስልክ ላወራሽ አስቤ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ «በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርጊ፣ ቡናሽን ያዢ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የዳግማዊ ትንሣኤው ዝግጅት አምሮ እንዳለፈ ሁሉም ነግሮሻል። የደብረ ብርሃኑ አጎቴም ቤቱ ደርሶ ሲደውል ከሰላምታ በፊት ያመሰገነው ዶሮውን ነው አሉ። እኔ የምልሽ ግን ሌላ ነው። ድግሱ አንቺ ቤት ነበር፤ አንቺ ግን አልነበርሽም። ሐሙስ ጓዳ ገብተሽ የወጣሽው እሁድ ማታ እንግዳ ለመሸኘት ነው። እኔ ትሪ ይዤ በጓዳውና በድንኳኑ መሃል ስመላለስ ስለዋልኩ የሁለቱንም ወሬ ሰምቻለሁ። እስቲ ያመለጠሽን ላውራሽ።

ቅዳሜ ምሳ ተበልቶ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ጭቅጭቅ ተነሳ። አጎቴ በዚያ ሁሉ የቢሾፍቱ ሙቀት በጋቢ እንደተጠቀለለ «እኛ የላሎ ምድር ሰዎች ነን» አለ። የናዝሬቷ አክስቴ ብድግ አለች። «ኧረ በሥላሴ! አባታችን የማማ ምድር ሰው ነው!» አለችው። ከሐዋሳ የመጡት ልጆች ማማም ላሎም ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። አጎቴ ጠላውን አስቀምጦ ማስረዳት ጀመረ። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፣ ላሎ እና ጌራ ተብሎ ለሦስት የተከፈለ አገር ነው፤ የመንዝ ሰው አገርህ የት ነው ሲባል መንዝ ብሎ ብቻ አያቆምም አላቸው። ይሄኔ አንዱ የሐዋሳ ልጅ «ታዲያ ለምን ጌራ ብለን አንስማማም?» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

በመጨረሻ አጎቴ «እትዬን ጥሯት! ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት» አለ። እውነቱን ነው። ከታላላቆቹ የቀረሽልን አንቺ ነሽ። አያቴ የነገሩሽን ለማንም አልነገሩም። መጥቼ ጠራሁሽ። «መጣሁ፣ ይቺን ወጥ ላውርዳት» አልሽኝ። ቆይቼ ስመለስ እንቁላል ትልጪ ነበር። አጎቴ ድምፅሽን ሊቀዳ ስልኩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ ወሬው ወደ ስሚንቶ ዋጋ ዞረና በዚያው ቀረ።

ለመሆኑ የቱ ነን?

የልጆቹን ጉድ ደግሞ የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ያ ሸንቃጣው፣ የታላቋ አክስቴ የልጅ ልጅ፣ ከሐዋሳ ከመጡት ከአንዷ ጋር ድንኳኑ ጥግ ወሬ ይዞ ዋለ። የጎረቤት ልጅ መስላዋለች! ስልክ ቁጥር ሊቀባበሉ ሲሉ የናዝሬቷ አክስቴ ከየት መጣች ሳይባል ከተፍ አለች። «አንተ የማን ልጅ ነህ? አንቺስ የማን ነሽ?» ብላ ቁጠራ ገባች። አያቶቻቸው እህትማማቾች ናቸው! ሰባት ቤት የሚባለው ቀርቶ ሦስተኛው ላይ ተገናኙ። ልጁ በረዶ አመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም። ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት፣ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

ስቄ ስቄ ሳበቃ ትንሽ ደነገጥኩ። እኛ ያደግነው እዚያው አንቺ ግቢ ውስጥ እየተጋፋን ነው። የማን ልጅ ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። የዛሬዎቹ የሚተዋወቁት በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ እዚያ ደግሞ ግማሹ ስሙን ትቶ የአበባ ፎቶ ለጥፏል። ቆጥሮ የሚያስተዋውቃቸው ሰው ያስፈልጋል። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሽንኩርት እየቆላ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደምትሆኚ ይገባኛል። አባዬ ካረፈ ወዲህ ያ ቤት በሰው ሲሞላ ፊትሽ ይበራል። የዶሮ ወጥ ነገርም አለ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ እያልሽ ስታበስይ ማንም እንዲያማስልልሽ አትፈቅጂም። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ 12 ብልቱ ሳይጎድል መውጣት አለበት። አንዷ ጎረቤትሽ ልታግዝ መጥታ አንቺ ከኋላዋ ቆመሽ እንደገና ስታጥቢ አየሁ፤ ሴትዮዋ ምንም አላለችም እንጂ አይታሻለች። ፈረሰኛውን ለአጎቴ ላክሽ፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ብልት ለይተሽ አወጣሽ። አንቺ ማታ ምድጃው አጠገብ ቆመሽ አንገቱን ስትግጪ ነው ያገኘሁሽ። ያውም ቀዝቅዞ።

ደግሞ ቅዳሜ የደም ግፊት ኪኒንሽን አልዋጥሽም። ሳጥኑን ከፍቼ አይቻለሁ፣ አትከራከሪኝ። እሁድ ጠዋት ደረጃውን ስትወርጂ ግድግዳ ይዘሽ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሚቀጥለው ዓመት ዳግማዊ ትንሣኤ ናዝሬት ይሁን። ቆይ፣ ወረቀቱን እንዳታስቀምጪው!

ይህን እኔ ብቻዬን አላመጣሁትም። የናዝሬቷ አክስቴ ሳህን ስናጥብ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እትዬ እኮ አንድ ቀን እንኳን እኔ ቤት መጥታ እንዳስተናግዳት አልፈቀደችልኝም። እጄ ለሰው አይቀርብም እንዴ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ከልቧ ነው። አንቺ ሸክሙን የወሰድሽላት ይመስልሻል። እሷ ደግሞ ክብሩን የነፈግሻት ይመስላታል። እንግዳ መቀበል ደስ እንደሚል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ለእህትሽም ይድረሳት። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ግቢዋ ድንኳን ይችላል፣ በፈጣን መንገዱ ካንቺ ቤት ናዝሬት ቅርብ ነው። የመንገዱን ክፍያ ነገር አጎቴ ያማርር፤ እሱ ሳያማርር ድግስ አይደምቅም።

ወጡን በየቤታችን ተከፋፍለን ሠርተን እንመጣለን። እንጀራው ይታዘዛል። ብሩን በቴሌብር እናዋጣለን፤ ወንድሜ ሰብሳቢ ሆኗል፣ እሱን የሚያህል ነዝናዣ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ሽንኩርቱን ወንዶቹ ይከትፋሉ። አዎ፣ ወንዶቹ። ተስማምተዋል፣ ቢያንስ ጠላው ሞቅ ባደረጋቸው ሰዓት ተስማምተዋል።

«ሰው ምን ይላል?» እንደምትይ አውቃለሁ። እማ፣ ሰው ዶሮውን በልቶ ሄደ። «እትዬ የታለች?» እያለ የጠየቀ ግን ብዙ ነው። የቶሮንቶዋ አክስቴ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ጓዳ ድረስ አምጥቼልሽ ነበር። እጅሽ በርበሬ ሆኖ «በኋላ እደውልልሻለሁ» አልሻት። አልደወልሽላትም። ዛሬ ደውዪላት፤ እዚያ ጠዋት የሚሆነው እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ ይሻላል።

እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ ብልሽ ትታመሚያለሽ። ስለዚህ ቡናው ያንቺ ነው። ዶሮ ወጥ ጓዳ ይሠራል፤ ቡና ግን ሰው ፊት ነው የሚፈላው። ረከቦትሽን ድንኳኑ መሃል እናደርግልሻለን፣ ቄጠማውን ልጆቹ ይጎዘጉዛሉ። አቦሉ ላይ ላሎና ማማን ትፈቺልናለሽ። ቶናው ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ አስጠርተሽ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ትቆጥሪላቸዋለሽ፤ እኔ አጠገብሽ ሆኜ እጽፋለሁ። በረካው ላይ የፈለግሽውን ሰው እሚ። ለሱ ደግሞ ሰው አይጠፋም።

እምቢ ካልሽ ለአክስቴ ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት። እኔ መልእክተኛ አልሆንም።

የእድሩ ብረት ድስቶችና አግዳሚዎቹ እስካሁን በረንዳው ላይ እንዳሉ ወንድሜ ነግሮኛል። ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እኛ እንመልሳቸዋለን። አንቺ እንዳትነኪያቸው። ትልቁን ድስት ጎትተሽ ያገኘሁሽ እንደሆነ እንጣላለን።

ኪኒንሽን ዋጪ።

የምትወድሽ ልጅሽ