የሳይክል መስመሩ የመኪና ማቆሚያ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ስለተሠሩት የሳይክል መስመሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። መስመሩ መኖሩ ደግ ነው። የጎደለው መከባበሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት በሳይክል ወደ ሥራ ስሄድ አንዲት ቪትስ መስመሩን ዘግታ ቆማለች። ሹፌሩ ካፌው በር ላይ ማኪያቶውን ይጠጣል። በመኪናው መንገድ ልዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። ረዳቱ ደግሞ «ሂድና ሰፈርህ ተጫወት!» አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይክልን የልጅ መጫወቻ አድርጎ ያያል። ባሕር ዳር ላይ ትልቅ ሰው ሳይክል ቢነዳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እኛም ንጹሐን አይደለንም። ማታ ያለ መብራት የሚነዳው፣ በእግረኛ መሐል የሚሽሎከሎከው ሞልቷል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን መንገድ ይዘጋል። ሳይክል ጭስም የለው፣ ቦታም አይፈጅ።

ስለዚህ ሳይክለኛን በምን ያህል ርቀት ማለፍ እንደሚገባ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ይጠየቅ። መስመሩ ላይ የቆመ መኪና እዚያው ይቀጣ። ማታ መብራት የሌለው ሳይክለኛም እንዲሁ።

አንድ ሳይክለኛ፣ ከአዲስ አበባ